መርፌ የተሰካባት ትራስ

ትራሷ ከብርቱካን ብዙም አትበልጥም። ቀይ ከፋይ ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ መርፌና ስፒል ተሰክቶባት፣ ከአንዲት አሮጊት ሻንጣ ውስጥ ከክርና ከመቀስ ጎን ተገኘች። የጉምሩክ ፈታሹ በሁለት ጣቱ አንስቶ ጨመቅ ሲያደርጋት ጥጥ አልመስል አለችው፤ ሆዷ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። ምላጭ አምጥቶ ስፌቷን ሊተረትር ሲል አሮጊቷ ደንገጥ ብለው፣

«ቀስ በል ልጄ፣ እንዳይወጋህ!» አሉት።

ተረተረው። ነጫጭ ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዝርግፍ አሉ።

መርማሪዋ ስትጠራ ቁርሷን እንኳ በወጉ አልጨረሰችም። የአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊሶች «ወስፌ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ቀጭን ነው፣ ሲገባ አይታወቅም። እናቷ የአሮጊቷ አገር ሰው ስለሆነች ቋንቋውን ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ስለዚህ ከዚያ የመጣ መንገደኛ ጣጣ ውስጥ ሲገባ፣ ተራዋ ሆነም አልሆነም የምትጠራው እሷ ነች።

«ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው» አላት ፈታሹ። «ከእሽጉ ወጥቶ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ትራስ ውስጥ ተሰፍቶ! ከዚህ በላይ ኮንትሮባንድ ከየት ይመጣል?»

«ስታገኘው ምን አሉህ?»

«እንዳይወጋህ አሉኝ።»

«አንተን?»

«እኔን። ሃያ ዓመት ስፈትሽ የተሰደብኩት አለ፣ የተለመንኩት አለ። ለጣቴ የተጨነቀልኝ ግን የለም።»

መርማሪዋ ፈገግ አለችና መልሳ ዋጠችው። የአገሩ ሕግ በዚህ ክኒን ቀልድ አያውቅም። መንገደኛው ራሱ በሽተኛ ከሆነና ያከመው ሐኪም ተጠይቆ ካረጋገጠ፣ መድኃኒቱ ተወርሶ በማስጠንቀቂያ ይለቀቃል። ያለዚያ ዝቅተኛው ቅጣት አሥር ዓመት እስር ነው። ዕድሜ አይታይም፣ ለቅሶ አይሰማም። አሮጊቷ ደግሞ ሰባን ተሻግረዋል።

አለቃዋ በበሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ዐቃቤ ሕጉ ለምሳ ሳይወጣ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ መሆን አለበት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አታንዛዢው።»

«ግልጽ የሆነ ነገር ነው የሚያስፈራኝ» አለችና ወደ ምርመራው ክፍል ገባች።

ክፍሉ መስኮት የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የምታንጠባጥብ ማቀዝቀዣና ከሥሯ የተደቀነ ባልዲ ነው ያለው። አሮጊቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸውን ቀላ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ተቀብተው፣ ነጠላቸው እንኳ ሳይዛነፍባቸው ነው ያሉት። ዓይናቸው ፖሊሷ ላይ ሳይሆን፣ ወደ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ በሚያስወጣው በር ላይ ነው የዋለው።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

አሮጊቷ በገዛ ቋንቋቸው ሲጠሩ ፊታቸው በራ። «እሰይ! የኛው ልጅ ነሽ?»

«በእናቴ በኩል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ። ነበርኩ ልበል እንጂ።»

«ትራሷስ?»

«የኔ ናት። ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሱ ጋር ከኖርኩት ከሷ ጋር የኖርኩት ይበልጣል።»

«ውስጧ ያለው ክኒንስ?»

«እሱን አላውቀውም።»

መርማሪዋ የተተረተረችውን ትራስ አየቻት። ፈታሹ ያልደረሰበት ወገን ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ክሩ ጨርቁ ውስጥ የተሰወረ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው በየመንገዱ አይገኝም።

«እማማ፣ ያምዎታል? ክኒኑ በሐኪም የታዘዘልዎ ከሆነ ይንገሩኝ። ለሐኪምዎ እደውላለሁ፤ ካረጋገጠልኝ ዛሬውኑ ይወጣሉ። አለበለዚያ አሥር ዓመት ነው። አላስፈራራዎትም፣ ሕጉ ነው።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። «የምነግርሽን ልጄ ትሰማለች?»

«ጋብዛ ያስመጣችዎት እሷ ናት፤ ዋስዎም እሷ ናት። ሕጉ ለዋስ ይነገር ስለሚል፣ አዎ፣ ይነገራታል።»

«እንግዲያው የምነግርሽ የለም። ጤነኛ ነኝ፣ ብረት ነኝ።»

«ልጅዎ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ትሠራለች» አሉ አሮጊቷ። «እርጉዝ ናት። ቀኗ ደርሷል። ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ቆማ እንዳይሆን፤ ወንበር ፈልጊላት እስቲ በሞቴ።»

መርማሪዋ ወጥታ ስለ ልጅቷ አጣራች። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። በዚህ አገር ያ ክኒን በጓሮ በር ስንት እንደሚያወጣ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? አሮጊቷ የሚሸፍኑት ልጃቸውን ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይገጥማል። መግጠሙን ግን አልወደደችውም።

ኮሪደሩ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነች። እናቷ በቀን አንድ ጊዜ ሳትደውል ፀሐይ አትጠልቅም።

«በላሽ?»

«በልቻለሁ እማዬ። ሥራ ላይ ነኝ። የት ነሽ አንቺ?»

«ገበያ ነኛ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር የለም፣ ደህና ነኝ።»

ከእናቷ ድምፅ ኋላ አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ የሰው ስም ጠርታ «ክፍል ሦስት» ስትል ተሰማ። ገበያውም ሠለጠነ እንዴ፣ ብላ አለፈችው።

ፈታሹ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጦ የመጣ፣ ሻንጣቸውንም ሲገፋላቸው የታየ አንድ ቦርጫም መንገደኛ አለ። አነፍናፊው ውሻ ሲመጣ ድንገት ተሰወረ። ኋላ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ትልቅ ቴርሞስ አቅፎ፣ በላብ ተነክሮ ተገኘ።

«ውሻ ስታይ ለምን ሮጥክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ውሻ እፈራለሁ።»

«ቴርሞሱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ሻይ።»

«ቅዳልኝ።»

ሰውየው ቴርሞሱን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ቀጥሎ ትከሻው ወረደና ክዳኑን ፈታ። መርማሪዋ አጎንብሳ ተመለከተች። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ሁለት ቅጠል ያወጣች የማንጎ ችግኝ ቀና ብላ አየቻት።

«ለእህቴ ነው» አለ ሰውየው፣ እንባው ሊመጣ። «አባታችን ከተከለው ዛፍ ሥር የበቀለ ነው። ሽንት ቤት የገባሁት ላጠጣው ነው። ስንት ዓመት ያስፈርዳል?»

«መቀጮ ነው። ችግኙ ግን ይቀራል።»

«እኔም አብሬው ልቅር?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ልታሰናብተው ስትል አንድ ነገር አሰበች። «ከአሮጊቷ ጋር ምን አወራችሁ?»

«መች ተቀመጡና! መንገዱን ሙሉ ቆመው ነው የመጡት። እግሬ ደነዘዘ ይላሉ፣ ይነሣሉ፤ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። ልናርፍ ስንል ግን መስታወት አውጥተው ተቀባቡና ሙሽራ መስለው ወረዱ። ልጃቸውን ሊያዩ እኮ ነው፣ ምን ይፈረዳል?»

መርማሪዋ ይህን በልቧ ያዘችው። ሻንጣውን ማን እንዳሰናዳው ለማወቅ ወደ አሮጊቷ ቤት ስትደውል እህታቸው አነሡ። ፖሊስ መሆኗን ገና ከመናገሯ፣

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። «እኔ ነኝ የከተትኩት! እሷ ከደሙ ንጹሕ ናት፤ እኔን እሰሩኝ!»

«ምኑን ነው የከተቱት?»

«ያንን... ክኒኑን ነዋ!»

«የት ነው ያስቀመጡት?»

«ኪስ ውስጥ። ሻንጣው ኪስ ውስጥ።»

«ክኒን መሆኑን ማን ነገረዎት? እኔ እንደሆነ ገና አልተናገርኩም።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እህትየዋ ማልቀስ ጀመሩ። «አትጠይቂኝ ልጄ። በዚህም በኩል ምያለሁ፣ በዚያም በኩል ምያለሁ። አፈር ስሆን አትጠይቂኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በዚህም በኩል፣ በዚያም በኩል። ሰው ስንት ጊዜ ይምላል? መርማሪዋ ይህን እያብሰለሰለች ወደ አዳራሹ ወጣች።

ልጅቷን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሆዷን ይዛ፣ በካፖርቷ ሥር የፋርማሲ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ከበሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ወንበር አጠገቧ አለ፤ አልተቀመጠችበትም። መርማሪዋ ማን እንደሆነች ነግራ በግድ አስቀመጠቻት።

«እናትሽ ሻንጣ ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቷል።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «የኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያስመጣሁት። እሷ አታውቅም።»

«የት ነበር የተደበቀው?»

«ጫማ ውስጥ።»

«ትራስ ውስጥ ነው። መርፌ የሚሰካባት።»

«ቀይዋ ትራስ?» ልጅቷ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የግራ እጇን አመልካች ጣት አሳየቻት። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ጠባሳ አለች። «ሕፃን ሆኜ ልፈለፍላት ስሞክር መርፌ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም። ትልቅ ሰው ሆኜም እንኳ፣ እማዬ አቀብዪኝ ስትለኝ ጠረጴዛውን ነው የምገፋላት እንጂ እሷን አላነሣም። ቤቱ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ጠባሳዋን ትክ ብላ አየች፣ ልጅቷ እንዳትነሣ አስጠነቀቀችና ወደ ቢሮ ተመለሰች።

አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ነበር። «አንዷ ይዛ ተገኘች። አንዷ በስልክ አመነች። አንዷ አዳራሽ ውስጥ አመነች፣ እሷም ፋርማሲስት ናት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እናትና ልጅን አስገቢያቸው።»

«አንድ ሌባ ሲጠፋ አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ለአንድ ስርቆት ሦስት ሌባ ሲሽቀዳደም ግን አላየሁም። ሁለቱ ክኒኑ የት እንደነበረ አያውቁም። የሚያውቁት አሮጊቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አላውቀውም ይላሉ።»

«ስለዚህ ይዋሻሉ።»

«ይዋሻሉ። ግን ከኛ የሚደብቅ ሰው የብረት መርፌ ክምር ሥር ይደብቃል? የመፈተሻው ማሽን መጀመሪያ የሚያየው ብረት ነው። ሻንጣቸውን ራሳቸው ናቸው ማሽኑ ላይ የጫኑት። ፈታሹን እንዳይወጋህ ብለውታል። እኚህ ሴት እኛን ከነመፈጠራችንም አላሰቡንም።»

«ታዲያ ከማን ነው የደበቁት?»

መርማሪዋ የልጅቷን ጠባሳ አስታወሰች። ከሱ ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣባት፦ የእናቷ ድምፅ፣ ሽንኩርቱ፣ ከኋላ የምትጣራው ሴት። በየት አገር ነው ገበያ ውስጥ ሰው በስሙ ተጠርቶ ክፍል ሦስት የሚገባው? እንዲህ የሚጠሩት ሐኪም ቤት ነው። «ሌላ ነገር የለም፣ ደህና ነኝ» ብላታለች። ሳይጠየቁ ደህና ነኝ የሚሉት ደህና ያልሆኑት ናቸው።

«ሻንጣውን ቤት ገብታ ከምትፈታው ሰው» አለች ቀስ ብላ። «የመድኃኒት ስም አንብባ በሽታውን ከምታውቀው ሰው።»

አሮጊቷ ያንኑ በር እያዩ ጠበቋት። መርማሪዋ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ልጅዎ በዓለም ላይ የማትነካው አንድ ዕቃ ቢኖር እቺን ትራስ ነው። ጣቷን አሳየችኝ። ክኒኑ የርስዎ ነው፤ የደበቁትም ከሷ ነው።»

ተስተካክሎ የተቀመጠው የአሮጊቷ ወገብ ጎበጠና፣ ገና አሁን የታመመ ሰው መሰሉ።

«አጥንቴ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። «ሐኪሙ ቁርጡን ነው የነገረኝ፣ አልሸፋፈነውም። ክኒኑን ካልዋጥኩ መቀመጥ አልችልም። ክልክል መሆኑን አላወቅሁም፤ እውነቴን ነው። እሽጉን ጥዬ እዚያ የሰፋሁት ልጄ ስሙን እንዳታነብ ነው።»

«ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ እስካሁን ቤት ደርሰው ነበር እኮ!»

«ለሷ ይነገራታል አልሽኛ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «የመጀመሪያ ፅንሷን እንዴት እንዳጣችው ታውቂያለሽ? አባቷ ሲሞት በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ማለት ሲገባኝ፣ እኔም አልቻልኩምና ጮህኩባት። በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። ሁለተኛ በኔ ወሬ ልጅ አታጣም። ትውለድና የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። አሥር ዓመትም በሉኝ፤ ማን ይደርስበታል?»

መርማሪዋ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ደንቡ አይፈቅድም፤ ያዘች። ሐኪሙን አሁን መጥራት ትችላለች። ግን እንደወጡ በሩ ላይ ልጅቷ ትጠይቃለች፣ ሕጉም እንድትነግራት ያዝዛል። አንድ ያልገባት ነገር ደግሞ ቀርቷል።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ልጅቷን ቆማ ነው የጠየቀቻት። «የተከለከለ መድኃኒት ተገኘ ስልሽ፣ ፋርማሲስት ሆነሽ ምን መድኃኒት ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ለምን?»

ልጅቷ የእጅ ቦርሳዋን ወደ ሆዷ አስጠጋች።

«ስለምታውቂው ነው። አክስትሽ በሁለት ወገን ምያለሁ አሉኝ። አንዱ ለእናትሽ ነው። ሌላው ለማን ነው?»

ልጅቷ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። በጥንቃቄ ተይዞ የመጣ የመድኃኒት እሽግ አወጣች፤ ያንኑ ክኒን፣ በዚሁ አገር ሆስፒታል የታዘዘ፣ የእናቷ ስም ያለበት።

«ለሕፃኑ ብላ ብርድ ልብስ ሰፍታ ላከችልኝ» አለች። «ጠርዙ ጠማማ ነበር። እናቴ በዕድሜዋ ጠማማ ስፌት ሰፍታ አታውቅም፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ ቀጥ አድርጋ ነው የምትሰፋው። አክስቴን አፋጥጬ አወጣጣኋት፤ ከሐኪሟም ጋር አወራሁ። እዚህ የሚያክማት ሰው አግኝቻለሁ፣ አልጋም ይዣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ብነግራት ትመጣለች? እርጉዝ ላይ ሸክም አልሆንም ብላ እዚያው ትቀር ነበር። ስለዚህ መጥተሽ አስታምሚኝ አልኳት፤ እኔ ላስታምማት።» እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። «የኔ ነው ያልኩሽ ፈቃድ ያለኝ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ይቀልልኛል ብዬ ነው።»

«ምን ሲደረግ! ላንቺ ይብስብሽ ነበር። እናንተ ቤት እውነት የሚናገር አንድ ሰው የለም?»

«አክስቴ ነበረች» አለች ልጅቷ። «እሷንም አስምለን አበላሸናት።»

የአሮጊቷ ሐኪም በስልክ ሁሉንም አረጋገጠ። አለቃው ሰምቶ ጨረሰና፣ ክኒኑ ይወረስ፣ ሴትየዋ በማስጠንቀቂያ ይለቀቁ ብሎ ፈረመ። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ።

መርማሪዋ ልጅቷን ይዛ ገባች። አሮጊቷ ልጃቸውን ሲያዩ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ወገባቸውን አቀኑ፣ ፈገግ አሉ፣ «ምነው ከሳሽ! አትመገቢም?» አሉ፤ ሕመም የሚባል ነገር በዚያ ቤት አልፎ የማያውቅ ይመስላል።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ሆዷ ተተርትሮ፣ መርፌዎቿ ጀርባዋ ላይ እንደቆሙ የተቀመጠችውን ቀይ ትራስ አየች። እጇን ዘረጋች።

«ተዪ!» አሉ አሮጊቷ። «እንዳይወጋሽ!»

ልጅቷ ትራሷን አነሣቻት። በሁለት እጇ አቅፋ ያዘቻት። «ወግቶኛል እኮ እማዬ» አለች። «ብርድ ልብሱ የደረሰኝ ዕለት።»

አሮጊቷ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሆድ ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ፊቷ ወጣ። «ጠርዙ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጠርዙ ነው።»

«ክኒኑ ካለቀብኝ በሦስተኛው ቀን ነበር የሰፋሁት። መተርተር ነበረብኝ።» እጃቸውን ሆዷ ላይ አኖሩ። «ያን ጊዜ ሁሉ እያወቅሽ... አልደነገጥሽም?»

«ደነገጥኩ። አለቀስኩ። እሱ ግን ይኸው፣ ይራገጣል።»

ሆዷን የነካው የአሮጊቷ መዳፍ ዘለል አለ። አሮጊቷ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ልጅቷም ደገፈቻቸው። መርማሪዋ ወንበር አምጥታ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸውና በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ሽንኩርቱን መርጠሽ ጨረስሽ?»

«ኧረ ገና ነኝ። ዛሬ ሰዉ በዝቷል።»

«ክፍል ሦስት በር ላይ ጠብቂኝ። መጣሁ።»

ከእናቷ ኋላ ያቺ በድምፅ ማጉያ የምትጣራው ሴት የሌላ ሰው ስም ጠራች።

«ወረፋው ረጅም ነው» አለች እናቷ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ አንሶ፣ እንደ ልጅ ሆኖ። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»